«እቤታችሁ ቆዩ» የተባለው ለማን ነበር?

ሚያዝያ 2012 ዓ.ም. ደብረ ታቦር አክስቴ ቤት ነበርኩ። ለፋሲካ ብዬ ቀደም ብዬ ሄጄ፣ ከከተማ ከተማ የሚያመላልሰው መኪና ሲቆም እዚያው ቀረሁ። አንድ ቀን ጠዋት ከአጥሩ ውጭ «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚል ድምፅ ሰማን። ገና ያልጎረነነ የልጅ ድምፅ ነው። አክስቴ ከመሶቡ ቁራሽ አንሥታ ወደ በሩ ስትሄድ እጇን የያዝኳት እኔ ነኝ። አዎን፣ እኔ! የጋዜጠኝነት ዲፕሎማ ያለኝ፣ ራዲዮ ሳዳምጥ የምውል፣ ኪሴ ውስጥ ሳኒታይዘር የያዝኩ ሰውዬ። «እግዜር ይስጥህ በይው» አልኳት። እሷ ግን ያን ቃል ማውጣት ስላቃታት ዝም አለች። ልጁ ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ተጣራና ውሻ እየጮኸበት ሄደ።

ይህን የማነሣው ንስሐ ለመግባት አይደለም፤ ለዚያ መጽሔት ቦታው አይደለም። ያን ሰሞን በሩን የዘጋሁት እኔ ብቻ ስላልነበርኩ ነው።

እስቲ እናስታውስ። አገራችን ውስጥ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ዩኒቨርሲቲዎችም ተማሪዎቻቸውን ወደየቤታቸው ሰደዱ። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ቀጥሎ በወጣው ደንብ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። ራዲዮና ቴሌቪዥኑ «እቤታችሁ ቆዩ፣ እጃችሁን ታጠቡ፣ ተራራቁ» ይል ጀመር። በምክሩ ክርክር የለኝም። ነገር ግን ምክሩ የተሰጠው ቤት ላለው፣ ውሃ ላለው፣ ከጎኑ ከተኛው ሰው ፈቀቅ የሚልበት ቦታ ላለው ሰው ነበር። የቆሎ ተማሪ ሦስቱም የሉትም።

ደቡብ ጎንደር ደግሞ የእነዚህ ልጆች አገር ነው። የድጓ ማስመስከሪያው ቤተልሔም ያለው ጋይንት ነው። ዝማሬ መዋሥዕት የሚፈልግ ተማሪ ወደ ዙር አምባ ይሄዳል። የተክሌ አቋቋም ሲነሣ የፎገራው አለቃ ገብረ ሐና አብረው ይነሣሉ። ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከሸዋ የሚመጡት ልጆች የሚኖሩት በየደብሩ ዙሪያ በተቀለሰ ጎጆ ውስጥ ነው። በሌላ አገር ይህ «አዳሪ ቤት» ተብሎ ሞግዚት፣ ምግብ ቤትና የጤና ደንብ ይኖረው ነበር። በእኛ አገር ግን የመንገድ ዳር ትዕይንት ነው። ፎቶግራፍ አንሥተነው እናልፋለን።

ሳምንት ሳይሞላ ኅሊናዬ ሲኮረኩመኝ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለ አንድ ጉባኤ ቤት ሄድኩ። ጎጆው ልጆቹ ራሳቸው እንጨት ለቅመው፣ ሣር አጭደው የሠሩት ነው። ጎንበስ ብዬ ገባሁ። ስድስት ልጆች ይኖሩበታል፤ ትልቁ ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው፣ ትንሹ ዐሥር የሞላው አይመስልም። መኝታው ሣር የተጎዘጎዘበት የጭቃ መደብ ነው። ሌሊት ጎን ለጎን ይደረደሩና ደበሏቸውን ደርበው ይተኛሉ። ከጉና የሚወርደውን ብርድ የሚያውቅ ሰው ለምን ተቃቅፈው እንደሚያድሩ አይጠይቅም። ለስድስቱም አንድ ጄሪካን አለቻቸው፤ ውሃው ከወንዝ ይቀዳል። ስለ ሳሙና ስጠይቅ ትልቁ ልጅ ፈገግ አለና «ጋሼ፣ ሳሙና እኮ ለዓመት በዓል ነው» አለኝ።

ይኸው ልጅ የነገረኝ ሌላ ነገር ግን እስካሁን ይከነክነኛል። ድሮ ሠፈሩን ተከፋፍለው እያንዳንዱ አራት አምስት ደጅ ቢደርስ የዕለት ጉርሱን ያገኝ ነበር። የከተማው በር ከተዘጋ ወዲህ አንዱ እስከ ሃያ ደጅ ይረግጣል፤ ሳይሞላለት ሲቀር ወደ ገጠር ይወርዳል። እንግዲህ በሽታው እንዳይገባብን ብለን በሩን ስንዘጋ፣ ልጆቹ ይበልጥ እንዲዞሩ፣ ይበልጥ ከሰው እንዲነካኩ አደረግናቸው ማለት ነው። «ወደ ወላጆቻችሁ ለምን አትሄዱም?» አልኩ። በምን መኪና? ደግሞስ ዜማ በቃልና በጆሮ የሚያዝ ትምህርት ነው፤ መንፈቅ ያቋረጠ ልጅ የያዘው ይጠፋበታል።

አሁን ወደ ተከራካሪዎቼ ልምጣ። አንደኛው «ችግሩ እኮ ነው ሊቅ የሚያደርጋቸው» የሚለው የከተማ ወዳጃቸው ነው። በዛብህን በ«ፍቅር እስከ መቃብር» አንብቦ የወደደ፣ ደበሎ በሥዕል ግድግዳው ላይ የሰቀለ ሰው ነው። ለመሆኑ ረኀብ ለማን ድጓ አስተማረ? ያስተማሩት የኔታ ናቸው። የምናደንቃቸው ሊቃውንት ከዚያ ጎጆ በሕይወት የወጡት ናቸው። በቅማል በሚተላለፈው ትኩሳት ግርሻ መንገድ ላይ የቀሩትን ማን ቆጠራቸው? በ2008 ዓ.ም. በድርቁ ጊዜ በክልሉ የተስፋፋው እከክ እንዲህ ያለ ጎጆ ሲያገኝ ምን ያህል እንደሚመቸው ለመገመት ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

ሁለተኛው «ተማሪን በሽታ አይነካውም፣ እመቤታችን ትጠብቀዋለች» ባይ ነው። ኮሮና በወጣት ላይ እንደ ሽማግሌ አልበረታም፤ ይህን እቀበላለሁ። የኔታስ? ብዙዎቹ ያረጁ፣ አንዳንዶቹም ዓይናቸው የደከመ ናቸው። ከሃያ ደጅ የተመለሰው ልጅ እግራቸው ሥር ቁጭ ብሎ ሲያዜም ይውላል። በአንድ ጉባኤ ቤት ደግሞ የኔታ አንድ ናቸው።

ልመናው በአዋጅ ይከልከል የሚሉም አሉ። እነሱስ ቁራሹን በምን ይተኩታል?

ነገሩ ሁሉ የሚጀምረው ካለመቆጠር ነው። የቀበሌዋን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አግኝቼ ነበር። ታታሪ ልጅ ናት፤ ነገር ግን ቤት ለቤት የምትዞረው በአባወራና በእማወራ መዝገብ ነው። የተማሪ ጎጆ አባወራ የለውም። መንግሥት «የቤተ ክህነት ናቸው» ይላል፤ ቤተ ክህነት «ምእመናን ያውቃሉ» ይላል፤ ምእመኑ ደግሞ እንደኔ በሩን ይዘጋል። በ1911 ዓ.ም. ያለቀውን ሕዝብ እያሰብን በየዓመቱ ኅዳር 12 ቆሻሻ እናቃጥላለን። ከመቶ ዓመት በኋላም ጎጆው መዝገብ የለውም። ያን ሰሞን ዱቄትና ሳሙና ያደረሱ ማኅበራትና ግለሰቦች እንደነበሩ አልክድም። ዱቄቱ ግን ያልቃል። ነሐሴ 2013 ላይ ጦርነቱ ጋይንት ሲደርስ ደግሞ ስለ ጎጆ የሚያወራ ሰው ጠፋ።

የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። እያንዳንዱ ጎጆ እንደ አንድ ቤተሰብ ይመዝገብ። ከጎጆዎቹ አጠገብ ቧንቧ ወይም የጉድጓድ ውሃ ይኑር። እያንዳንዱ ደብር በክፉ ቀን ልጆቹ ሳይዞሩ የሚበሉት እህል ያስቀምጥ፤ ለሕንፃ የሚዋጣው ገንዘብ ይህን አይችልም የሚለኝ ካለ የደብሩን ሒሳብ ያሳየኝ።

ከጉባኤ ቤቱ ስመለስ አክስቴ ከበሩ ውጭ ካለው ድንጋይ ላይ ቁራሽ የያዘ ሌማት ከድና አስቀምጣ፣ አጠገቡ የተበሳ ጄሪካንና ሳሙና አኑራ አገኘኋት። እኔን አላማከረችኝም። ልጁ ከሁለት ቀን በኋላ መጣ። በውሃው ታጠበ፣ ቁራሹን አኮፋዳው ውስጥ ከተተ፤ ሳሙናውን ግን የሰው ዕቃ መስሎት አልነካውም። በማግሥቱ አክስቴ ሳሙናውን በቢላዋ ለሁለት ከፈለችና ግማሹን በጨርቅ ጠቅልላ ከቁራሹ ጋር አኖረችለት።