የንድፍ ትምህርትና የባለሱቁ ድርሻ

በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ ማጽደቁ ይታወሳል። ክልከላው ለከተማ ንጽሕና የሚበጅ መሆኑ አያከራክርም። ይሁን እንጂ በነፋስ ስልክ ላፍቶ፣ በጀሞም ሆነ በላፍቶ ሰፈር፣ ሩብ ኪሎ ስኳርና ግማሽ ኪሎ ምስር እየመዘነ የሚሸጥ ባለሱቅ በፌስታሉ ፈንታ ዋጋው የማይከብድ፣ እርጥበት የማያበላሸው፣ ለገዢም የሚመች መያዣ ያስፈልገዋል። ይህን የመሰለውን ችግር መፍታት የንድፍ ሥራ ነው።

በውጭ አገር ከፍተኛ ትምህርት ቤቶች «ዲዛይን ቲንኪንግ»፣ ማለት የንድፍ አስተሳሰብ፣ የሚባል ትምህርት ተስፋፍቷል። በጀርመን አገር በፖትስዳም ከተማ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2007 ለዚሁ የተለየ ትምህርት ቤት ተከፍቷል። ተማሪው አስቀድሞ የተጠቃሚውን ኑሮ ቀርቦ ያጠናል፤ ችግሩን ለይቶ ያውቃል፤ ልዩ ልዩ መፍትሔ ያስባል፤ በጥቂት ወጪ ናሙና ይሠራል፤ ናሙናውንም በተጠቃሚው እጅ ይፈትናል። ያልሰመረ እንደ ሆነ ተመልሶ ያሻሽለዋል።

ናሙና ሠርቶ መፈተን ለአገራችን እንግዳ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1954 የተቋቋመው የኢትዮጵያና የስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተተኪ የሆነው በልደታ የሚገኘው የኪነ ሕንፃና የከተማ ልማት ኢንስቲትዩት፣ ከጀርመኑ ባውሃውስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ በግቢው ውስጥ በሙሉ መጠናቸው የሙከራ ቤቶችን አቁሟል። ቤት በዚህ መንገድ ከተፈተነ፣ የሸቀጥ መያዣ የማይፈተንበት ምክንያት የለም።

ነገር ግን የትምህርቱ የመጀመሪያ ደረጃ፣ ይኸውም ተጠቃሚውን ማወቅ፣ በጥቁር ሰሌዳ ፊት አይገኝም። የሚገኘው በባንኮኒው ላይ ነው። የቤት እመቤቷ ምን ያህል እንደምትገዛ፣ ዕቃውን በምን እንደምትይዝ፣ ስለ መያዣው ስንት ሳንቲም ልትጨምር እንደምትፈቅድ ከባለሱቁ ይበልጥ የሚያውቅ የለም።

አንዳንድ ነጋዴ ተማሪን በሱቅ ማቆም ሥራ ያስፈታል ይል ይሆናል። እውነትነት አለው፤ በገበያ ቀን ሊከብድ ይችላል። ሆኖም አንድ ናሙና በአንድ ሱቅ ቢከሽፍ ጉዳቱ ጥቂት ወረቀትና ሙጫ ነው። አስመጪው ሳይፈተን ሙሉ ኮንቴይነር አስጭኖ ዕቃው ሳይፈለግ ቢቀር ግን ገንዘቡ በመጋዘን ታስሮ ይቀራል።

ስለዚህ ኮሌጆቹ ተማሪው በሱቅ የሚያሳልፈውን ጊዜ እንደ ትምህርት ቆጥረው ነጥብ ሊሰጡበት፣ ነጋዴዎችም በየሳምንቱ ሥራ የማይበዛበትን ግማሽ ቀን ሊፈቅዱ ይገባል። ንድፉ ለገበያ በበቃ ጊዜም ለተማሪው የድካሙን ዋጋ መክፈል የነጋዴው ግዴታ ነው።