ዝም ያለ ግልባጭ

አባቶች ዝምታ ጉዳት እንደሌለው ሲያስረዱ «ዝም አይነቅዝም» ይላሉ። የመጠባበቂያ ግልባጭ የሚያዘጋጅ ኮምፒዩተር ዝምታ ግን፣ በጎተራ ተዘንግቶ እንደ ቆየ እህል፣ ውስጥ ውስጡን ይነቅዛል። ለዚህም የሚከተለው ታሪክ ምስክር ነው።

ጊትላብ የተባለው ኩባንያ የፕሮግራም ጸሓፊዎችን ሥራ በአደራ ተቀብሎ የሚያስቀምጥ ድርጅት ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዩወሪ 31 ቀን 2017 አንድ መሐንዲሱ በሌሊት ብልሽት ሲያቃና፣ በተጠባባቂው ኮምፒዩተር ላይ ያለውን የሚያጠፋ መስሎት ዋናውን የመረጃ ቋት ደመሰሰ። ስሕተቱን ወዲያው ተገንዝቦ ቢያቆመውም፣ ከ300 ጊጋባይት ያህል የተረፈው 4.5 ብቻ ነበረ።

ሠራተኞቹ በየዕለቱ ይዘጋጃል ተብሎ ወደሚታመነው ግልባጭ ቢሄዱ፣ ማኖሪያውን ባዶ ሆኖ አገኙት። የመረጃ ቋቱ 9.6ኛው የፖስትግሬስ እትም ሲሆን፣ ገልባጩ ፕሮግራም የ9.2ኛው እትም ስለ ነበረ፣ ሥራውን ሳይፈጽም ያቋርጥ ነበር። ፕሮግራሙስ አልዋሸም፤ አለመቻሉን ተናግሯል። ነገር ግን ወሬውን የያዘው ኢሜይል የላኪውን ማንነት የሚያረጋግጥ ፊርማ ስላልነበረው፣ ተቀባዩ ስለ ከለከለው ከኃላፊዎቹ ዘንድ ሳይደርስ ቀረ።

መሐንዲሱ ከ6 ሰዓት ገደማ በፊት ለሌላ ጉዳይ ያነሣው ግልባጭ ባይገኝ ኖሮ፣ ጥፋቱ እጅግ በከፋ ነበር። እንዲያም ሆኖ የ6 ሰዓት ያህል ሥራ ጠፋ። ኩባንያው ግን ጉዳዩን ሳይሸሽግ ለሕዝብ ገለጸ።

እንግዲህ የመጠባበቂያ ኃላፊ የሆነ ሰው ሦስት ነገር ልብ ይበል። አንደኛ፣ ፕሮግራም ሥራውን ሲጨርስ አንድ ቁጥር ይመልሳል፤ እንደ ልማዱ 0 ሥራው መከናወኑን፣ ሌላው ቁጥር እንከን መኖሩን ያመለክታል። ይህን ቁጥር ሳይመለከቱ ማለፍ አይገባም። ሁለተኛ፣ የስሕተት ቃል የሚወጣው ከተራው ውጤት ተለይቶ፣ 2 የሚል ቁጥር በተሰጠው መስመር ነው፤ ስለዚህ ያ መስመር ቀንና ሰዓት ወደሚጻፍበት መዝገብ ይመራ። ሦስተኛ፣ የስሕተት መልእክት አለመምጣቱ እንደ ደኅንነት አይቈጠር። የተከናወነውም ሥራ በየጧቱ «ተከናውኗል» ብሎ ያስታውቅ፤ ይህ ቃል በቀረበት ዕለት ምክንያቱ ይመርመር። ግልባጩም አልፎ አልፎ ወደ ቦታው እየተመለሰ ይፈተን።

መልእክተኛው ከመንገድ ቢቀር፣ ቤቱ ሰላም ነው ብሎ መተኛት አይገባም።