የሁሉም በሽታ መድኃኒት ፎርማት አይደለም!

ባለፈው ቅዳሜ አንድ የድሮ ተማሪዬ ዴስክቶፑን በባጃጅ ጭኖ ቤቴ ድረስ መጣ። "ቲቸር፣ ፎርማት ተደርጎም ኢንተርኔት እምቢ አለ" አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኮምፒውተሩ የራሱ የኔትዎርክ መሰኪያ ስላስቸገረው ያገለገለ ኔትዎርክ ካርድ ገዝቶ ሰካ። አልሠራም። ጥገና ቤት ወሰደው። እዚያ ሳይከፍቱት፣ አንድ ጥያቄ እንኳን ሳይጠይቁት "ፎርማት ነው የሚፈልገው" አሉት። ከፈለ፣ ተደረገለት። የእህቱ የመመረቂያ ጽሑፍም አብሮ ጠፋ። ኮፒ አልነበራትም። ካርዱ ግን ያው ነው፤ አይሠራም!

እኔ ምን አደረግኩ? ዲቫይስ ማኔጀር ገባሁ። ካርዱ ላይ ቢጫ የቃለ አጋኖ ምልክት አለ። ስከፍተው "ኮድ 12" ይላል። ይህን ዕቃ ለማሠራት የሚበቃ ነፃ ሪሶርስ የለም፣ ከሌሎቹ አንዱን አጥፋ ማለት ነው። ዕቃ ከዕቃ ተጋጨ እንጂ ዊንዶውሱ አልታመመም። ባዮስ ገብቼ የማዘርቦርዱን ኔትዎርክ ዘጋሁት። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ፣ ከሶኬት ነቅዬ፣ ካርዱን ወደ ሌላ ስሎት አዛወርኩት። ሳበራው የካርዱ መብራት ብልጭ ብልጭ አለች። በቃ! የተጣደው ቡና እንኳን ገና አልፈላም ነበር።

ድሮ ኮምፒውተር ላይ ዕቃዎች ፕሮሰሰሩን የሚጠሩባቸው መስመሮች 16 ብቻ ነበሩ፤ ከ0 እስከ 15። ሁለት ካርድ አንዱን መስመር ከያዘ ጠብ ነው። አዳዲሶቹ መስመር መጋራት ይችላሉ፤ ግጭት ግን ጨርሶ አልጠፋም። ፎርማት ደግሞ ዲስክ ይጠርጋል እንጂ ማዘርቦርድ ላይ ያለ ጠብ አያስታርቅም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው።

"ደንበኛ ይቸኩላል፣ ጊዜ የለንም" የምትሉ ጥገና ላይ ያላችሁ ልጆቼ፣ ኮድ ማንበብ አንድ ደቂቃ አይፈጅም እኮ! ኮድ 28 ከሆነ ድራይቨር አልተጫነም። ኮድ 10 ከሆነ ዕቃው መነሳት አልቻለም፤ መጀመሪያ ድራይቨሩን አድሱ። ፎርማት የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ፤ ግን የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው አይደለም። እሱም ቢሆን የሰው ፋይል ከተቀመጠ በኋላ።

ጥፋቱ የኔም ነው። ይሄን ልጅ አይሲቲ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። "ሃርድዌር ምንድነው?" ብዬ ትርጉሙን አስሸመደድኩት፤ ፈተና ላይም አገኘው። አንድ ቀን ግን ኬዝ ከፍቼ "ይቺ ኔትዎርክ ካርድ ናት፣ ንካት" አላልኩትም። ሸምድዶ የወጣ ልጅ ደግሞ "ፎርማት" ሲሉት እሺ ከማለት ሌላ ምን ያድርግ?

ስለዚህ ኮምፒውተራችሁን ለሰው ከመስጠታችሁ በፊት ፋይላችሁን ፍላሽ ላይ ገልብጡ። ከዚያ "ኮዱ ስንት ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። ሳያይ ፎርማት የሚላችሁ ከሆነ ዕቃችሁን ይዛችሁ ውጡ።

የእህቱን ጽሑፍ ግን እኔም አልመለስኩላትም።