«ኮኔክሽን የለም» የሚሉት ሰበብ

ፍኖተ ሰላም ላይም ሆነ ቡሬ፣ ትምህርት በቪዲዮ ይታገዝ ሲባል የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፤ «ኮኔክሽን የለም»። ነገሩ ሰበብ ነው። ኮምፒውተር ውስጥ ያለን ቪዲዮ በዚያው ግቢ ላሉ ስልኮች ለማሳየት ኢንተርኔት አያስፈልግም። ኮምፒውተሩና ስልኮቹ በአንድ ራውተር ከተገናኙ በቂ ነው፤ ራውተሩ የቴሌ መስመር ባይኖረውም።

ቪዲዮ ሁሉ ከሩቅ ይምጣ የሚለው ልማድ የቆየ ነው። በ1997 ዓ.ም. ፕላዝማ ቴሌቪዥን ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲገባ ትምህርቱ ከአዲስ አበባ በሳተላይት ይለቀቅ ነበር። መብራት ከጠፋ ክፍለ ጊዜው አለፈ፤ ተማሪው አልገባኝም ቢል አቁሞ የሚደግምለት አልነበረም። ዛሬ ደግሞ ዩቲዩብና ቴሌግራም ላይ ተንጠልጥለናል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ለወራት ሲቆይ የዚህን ዋጋ አይተናል። ከዚያ በኋላም ትምህርታችንን ሌላ ሰው በሚዘጋው መስመር ላይ ማንጠልጠል ምን ይባላል?

መስመሩ ቢኖርም ሒሳቡ አያዋጣም። 300 ሜጋባይት የሚሆን አንድ የፊዚክስ ትምህርት 40 ተማሪዎች በየስልካቸው ቢያወርዱት 12 ጊጋባይት ይበላል፤ የሚከፈለውም ከየቤተሰቡ ኪስ ነው። አንድ ጊዜ ወርዶ ትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ቢቀመጥ ግን ያው 300 ሜጋባይት ነው።

በገበያ ቀን ቡሬ የሚወጣ የገጠር ወጣት ከእኛ የተሻለ ገብቶታል። የስልኩን ሚሞሪ ለሚጭንለት ባለሱቅ ሰጥቶ ዘፈኑንና ፊልሙን ያስሞላል፤ ቤቱ ገብቶ ያለ ፓኬጅ ያያል። ጉድለቱ፣ ሚሞሪና ፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ቫይረስም አብሮ ይዞራል፤ ቦታውም ቶሎ ይሞላል።

ከዚያ የተሻለው መንገድ በእጃችን አለ። በየኮምፒውተሩ የተጫነውን ቪኤልሲ የተባለ ቪዲዮ ማጫወቻ እ.ኤ.አ. በ1996 የጀመሩት የፓሪስ ተማሪዎች ዓላማቸው በግቢያቸው ኔትወርክ ቪዲዮ ማሰራጨት ነበር፤ እኛ ፊልም መክፈቻ ብቻ አደረግነው። ጄሊፊን የሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ደግሞ ኮምፒውተሩን ማሰራጫ ያደርገዋል። ተማሪው ስልኩ ብሮውዘር ላይ የኮምፒውተሩን አድራሻ፣ ለምሳሌ 192.168.1.5:8096 ብሎ ሲጽፍ የትምህርቱ ዝርዝር ይመጣለታል። አንዱ አቁሞ ማስታወሻ ሲይዝ ሌላው ወደ ኋላ መልሶ ያያል።

«የእኛ ኮምፒውተር አሮጌ ነው» የሚሉ አሉ። አሮጌ ኮምፒውተር የሚጨነቀው ቪዲዮውን ለስልኩ እንዲስማማ እየቀየረ ሲልክ ነው። ፋይሉ ከመነሻው ኤምፒፎር ሆኖ በኤች 264 ከተቀመጠ እንዳለ ይልከዋል። ርካሽ ራውተር 40 ስልክ በአንዴ አይችል ይሆናል፤ ተማሪን በቡድን መከፋፈል ግን ለመምህር አዲስ ነገር አይደለም። መብራት ሲጠፋም ላፕቶፕ በባትሪው ይቆያል፤ ራውተርም በትንሽ ባትሪ ይሠራል።

ርዕሳነ መምህራንና የአይሲቲ መምህራን ሆይ፣ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ መተየቢያ ብቻ ያደረጋችሁትን ኮምፒውተር ለዚህ ሥራ አውሉት። አንድ ክፍል፣ አንድ የትምህርት ዓይነት ይበቃል። መስመር እስኪመጣ የሚጠብቅን ተማሪ ፈተናው አይጠብቀውም።