ባዶ እጁን ለመጣ ሠራተኛ መሰላል አንይዝም



መብራት በጠፋ ቁጥር ከምሰሶው ሥር የሚነገረውን ሁላችንም ጠንቅቀን እናውቀዋለን። «ኧረ ውጣና ነካ አድርገው፣ ደቂቃ አይፈጅም!» «ባለፈው የመጣው ልጅ በፒንሳ ብቻ ሠርቶት ሄዶ የለም እንዴ?» «ከአሞራ ገደል ያመጣሁት ዓሣ ሊሸትብኝ ነው፣ አንተ ጓንት ትላለህ!» ሲብስም «ወንድ አይደለህም?» ይባላል። ይህ ንግግር ቀልድ ይምሰል እንጂ ሰውን ወደ ሞት የሚገፋ ስለሆነ፣ ኮሚቴያችን ነገሩን ሳይሸፋፍን ሊናገር ይወዳል።

በመሠረቱ ኤሌክትሪክ ጀግናና ፈሪ ለይቶ አያውቅም። ወደየቤታችን የሚገባው 220 ቮልት ነው። ከትራንስፎርመሩ በላይ ያለው መስመር ደግሞ በአገራችን ከተሞች በአብዛኛው 15,000 ቮልት ይሸከማል። ልብን አዛብቶ ለመግደል ብዙ ኃይል አያስፈልግም፤ አንድ የ60 ዋት አምፖል ከሚስበው ሩብ እንኳ የማይሞላው በደረት ውስጥ ካለፈ ይበቃል። ከዚያም ያነሰው የእጅን ጡንቻ አኮማትሮ ሽቦውን እንዳይለቅ ያደርገዋል። «ሲይዘኝ እለቃለሁ» የሚለው ፉከራ ስለዚህ ከንቱ ነው፤ የያዘው ሰውየው ሳይሆን ሽቦው ነው። በክረምት፣ ልብሱና ቆዳው በረጠበ ሰው ላይ ደግሞ ጉዳቱ የባሰ ይሆናል። የእኛ መብራት አዘውትሮ የሚጠፋው መቼ ነው? ዝናብና ነፋስ ዛፉን ከመስመር ጋር ሲያጋጨው አይደለም እንዴ?

«ልጁ ጓንት አድርጓል እኮ!» የሚሉም አሉ። የትኛውን ጓንት? የዕቃ ማጠቢያ ጓንት ለሳሙና ነው። የቆዳ ጓንት ብቻውን ላብ ሲጠጣ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። የመስመር ሠራተኛ ጓንት የሚባለው በቮልት ልክ ተፈትኖ ደረጃው የተጻፈበት ወፍራም ጎማ ነው። በዓለም አቀፉ አመዳደብ «0» የተባለው እስከ 1,000 ቮልት፣ «2» የተባለው እስከ 17,000 ቮልት ለሚደርስ መስመር ይሆናል፤ ለታችኛው መስመር የተሠራውን ይዞ ላይኛውን መንካት ባዶ እጅን ከመስደድ አይለይም። ጎማው በሽቦ ጫፍ እንዳይበሳ በላዩ የቆዳ ጓንት ይደረብበታል። ከሥራ በፊትም አፉ ተጠቅልሎ አየር ይታፈንበታል፤ አየሩ ካፈተለከ ጓንቱ ቀዳዳ አለውና ይጣላል። እንግዲህ ፒንሳው እጀታ ላይ ናስትሮ ጠቅልሎ የመጣውን «ዕቃው ሙሉ ነው» የምንለው በምን ሚዛን ነው?

ጓንት ብቻም አይደለም። ትንሽ ንዝረት፣ ልብን የማያቆመው እንኳ፣ ሰውን አስደንግጦ ከምሰሶ ይጥላል። እ.ኤ.አ. በ1891 በአሜሪካ የመስመር ሠራተኞች የራሳቸውን ማኅበር ሲያቋቁሙ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት የሆነው ሄንሪ ሚለር ራሱ ምሰሶ የሚወጣ ሠራተኛ ነበረ። በ1896 ዋሽንግተን ውስጥ መስመር ሲጠግን ኤሌክትሪክ ይዞት ከምሰሶ ወድቆ ሞተ። ሙያውን ሳያውቅ ቀርቶ ነው የሚል ካለ ይምጣና ያስረዳን! የወገብ ቀበቶና ሔልሜት የሚያስፈልጉት ለጀማሪ ብቻ አይደለም። ቀበቶውም ቢሆን የሚያድነው ምሰሶው ጤነኛ ሲሆን ነው። የእንጨት ምሰሶ ደግሞ ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ከውስጥ ይበሰብሳል። ጠንቃቃ ሠራተኛ ከመውጣቱ በፊት ሥሩን በመዶሻ መታ መታ አድርጎ ድምፁን ሲያዳምጥ አይታችሁ «ምን ያንኳኳል ይሄ?» ብላችሁ አትሳቁ።

ከሁሉ የሚያስቆጣን ግን «መብራቱ ጠፍቶ የለ? ታዲያ ምን ይይዘዋል?» የሚለው ነው። መብራት ጠፋ ማለት መስመሩ ሞተ ማለት አይደለም። አንዱ ፌዝ ጠፍቶ ሌሎቹ ሊኖሩ ይችላሉ። ከሩቅ ያለ ሰው ሳያውቅ ሊመልሰው ይችላል። ከዚህም የከፋው ከራሳችን ግቢ ይወጣል። አንዳንድ ጎረቤቶቻችን ጄኔሬተር አስነሥተው፣ ሁለት ጫፉ ስፒና በሆነ ገመድ ከሶኬት ጋር ያገናኙና ቤታቸውን ያበራሉ። ዋናውን ማብሪያ ካላጠፉት ኃይሉ በቆጣሪው በኩል ተመልሶ ወደ ውጭው መስመር ይሄዳል። ትራንስፎርመር ደግሞ በሁለቱም በኩል ይሠራል፤ 15,000ውን ወደ ታች እንደሚያወርድ ሁሉ ከታች የመጣውን ወደ ላይ ሊያወጣው ይችላል። ምሰሶ ላይ ያለው ሰው በጎረቤት ቴሌቪዥን ምክንያት ተቃጠለ ማለት ነው! ሠራተኛው መስመሩን በመፈተሻ ሳያረጋግጥ፣ ሽቦዎቹንም እርስ በርስና ከመሬት ጋር በወፍራም ገመድ ሳያገናኝ አልነካም ሲል ጊዜ እየፈጀ አይደለም፤ ከእንዲህ ዓይነቱ ጎረቤት ራሱን እየጠበቀ ነው።

ሕጉም ቢሆን ግልጽ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 የአደጋ መከላከያ መሣሪያና ልብስ ማቅረብን፣ ስለ አጠቃቀሙም ማስረዳትን በአሠሪው ላይ ግዴታ አድርጎ ጥሏል። ሠራተኛው ደግሞ በአንቀጽ 93 የተሰጠውን በአግባቡ መጠቀም አለበት። ነገሩ ትናንት የመጣ አይደለም፤ በ1985 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 42፣ በ1996 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 377 ወጥተው አሠሪውን በዚሁ ሲያስገድዱ ኖረዋል። ስለዚህ ጓንት የጠየቀ ሠራተኛ ልመና አልለመነም፣ ቅንጦትም አልጠየቀም። የላከው ክፍል ማንም ይሁን ማን፣ ቋሚም ሆነ ኮንትራት፣ ያለ መሣሪያ ከላከው ጥፋቱ የላኪው ነው። ከሥር ቆሞ «ውጣ! ውጣ!» የሚለው ጎረቤት ግን የላኪው አጋዥ ነው፤ ይህን ስንል ቅር የሚለው ካለ ቅር ይበለው።

ስለ ሠፈር ልጆችም አንድ ነገር እንበል። ሽቦ የሚነካካ ጎረምሳ ፈልጎ፣ የሻይ ሰጥቶ፣ ምሰሶ ላይ ማውጣት እየተለመደ ነው። ይህ ልጅ ጓንት የለው፣ ቀበቶ የለው፣ ቢሞት ጡረታ ወይም ካሣ የሚከፍልለት መሥሪያ ቤት የለው። የሚቀብረው እድር ብቻ ነው። እናቱን ለቅሶ ልንደርሳት በተራ የምንቀመጠው እኛው ነን።

መጠበቅ ኪሳራ እንዳለው እናውቃለን። ባለ ወፍጮው ቀኑን ያጣል፣ ፀጉር ቤቱ ይዘጋል፣ እንጀራ ጋግራ የምትሸጠው እናት ሊጧ ይኮመጥጥባታል። ይህን አቃልለን የምናይ ሰዎች አይደለንም። ኢንሱሊን የሚወስዱ ሕሙማን ግን አይጨነቁ፤ መድኃኒቱ ቀዝቀዝ ባለ ጥላ ቦታ ለጥቂት ሰዓት ቢቆይ አይበላሽም። ለሌላው ዕቃ በደንብ የተገጠመ ጄኔሬተር ያላቸው ጎረቤቶች ፍሪጃቸውን ያጋሩ። ዓሣው ቢሸት በሌላ ቀን ሌላ ዓሣ ይገዛል።

በመሆኑም ከዛሬ ጀምሮ፣ የጎማ ጓንት፣ ቀበቶ፣ ሔልሜትና የመስመር መፈተሻ ሳይዝ ለመጣ ሠራተኛ የማኅበሩ መሰላል አይሰጥም፤ ከሥርም የሚደግፍለት ሰው አይኖርም። ሠራተኛውን ግን አንሰድበውም፣ አናባርረውም። ወንበር ይሰጠው፣ ቡና ይጠጣ። እኛ በ905 ደውለን መሣሪያው እንዲላክለት እንጠይቃለን፤ መልሱ ከዘገየም በማኅበራችን ማኅተም ለሚመለከተው ክፍል በጽሑፍ እናቀርባለን። ሠራተኛው «ነዋሪው ከለከለኝ» ብሎ ለአለቃው መናገር ይችላል፤ ቃሉንም እንመሰክርለታለን።

ጄኔሬተር ያላችሁ ደግሞ ከመስመሩ የሚለየውን መቀያየሪያ (ቼንጅ ኦቨር) በባለሙያ ካላስገጠማችሁ ከቤት ሶኬት ጋር አታገናኙት፤ የሚያስፈልጋችሁን ዕቃ በቀጥታ ከጄኔሬተሩ ላይ ሰኩ። ሁለት ጫፉ ስፒና የሆነውን ገመድ ዛሬውኑ ቆርጣችሁ ጣሉት። መቀያየሪያ ያስገጠማችሁ ለኮሚቴው ጸሐፊ ስማችሁን አስመዝግቡ፤ መስመር ሲጠገን በቅድሚያ ቤታችሁ መጥተን እናንኳኳለን።

የማኅበሩ ኮሚቴ
ሐዋሳ