ካርዱ የት ጣቢያ ላይ ያልቃል?



በሰፈራችን ሁለት አባባሎች ሥር እየሰደዱ መጥተዋል። አንደኛው «ካርድ የያዘ ሰው ምን ይፈራል?» የሚለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ «ሽማግሌዎችን በዚህ ሁሉ ማድከም ለምን? ልጆቹ ያውቁላቸዋል» የሚለው ነው። ሁለቱም ከደግ ልብ የሚመጡ ይመስላሉ፤ ግን ሁለቱም ይጎዱናል። ይህን የምለው ሰውን ለመንቀፍ አይደለም። እኔ ራሴ እዚሁ አገር ዩኒቨርሲቲ ተምሬ፣ በማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛነት የሰው ወረቀት ሳነብና ስተረጉም የምውል ሰው፣ የገዛ እናቴን ያሳፈርኩት በእነዚሁ አባባሎች ነውና።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ከእናቴ ጋር ፍራይቡርግ በምትባለው የጀርመን ከተማ ዘመድ ጥየቃ ሄደን ነበር። ዘመዳችን ለአንድ ወር እንዲሆነን «ዶይችላንድ ቲኬት» የሚባለውን ካርድ አወጣልን። ይህ ካርድ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 በወር በ49 ዩሮ የተጀመረ ሲሆን ከዚያ ወዲህ ዋጋው ጨምሯል። በመላ ጀርመን የከተማ አውቶቡሶችንና የአካባቢ ባቡሮችን ያሳፍራል፤ ኢ-ሴ-ኤ የሚባሉትን ፈጣን የሩቅ መንገድ ባቡሮች ግን አያሳፍርም። እኛም ካርዱን ይዘን ወዲያ ወዲህ ስንል ሰነበትን። እናቴ «እግዜር ይስጣቸው፣ እንዲህ ያለ ካርድ ለኛም አገር ባደረገው» ትል ነበር።

ከዚያ ስዊስ አገር ባዝል ከተማ የምትኖር አብሮ አደጓ ባሏ እንደሞተባት ተረዳን። ለቅሶ ሳይደረስ አይቀርምና በማግስቱ ተሳፈርን። እናቴ «ይህ ካርድ እዚያም ይሠራል ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም «እማዬ፣ አንቺ ዝም ብለሽ ተቀመጪ፤ እኔ አውቅልሻለሁ» አልኳት። አላውቅም ነበር።

የባዝል ነገር አደናጋሪ ነው። በከተማዋ ውስጥ ባዲሸር ባንሆፍ የሚባል ጣቢያ አለ። መሬቱ የስዊስ ነው፤ የጀርመኑ ካርድ ግን እስከዚያ ድረስ ይሠራል። ከዚያ ተነስቶ ወደ ዋናው የባዝል ጣቢያ ለሚያደርሰው የጥቂት ደቂቃ መንገድ ሌላ ትኬት ያስፈልጋል። እኛ ያለንበት ባቡር ወደ ዋናው ጣቢያ ስለሚቀጥል አልወረድንም። በዚያች ጥቂት ደቂቃ ውስጥ ተቆጣጣሪ መጣና ካርዳችንን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። ተቀጣን። በሰረገላው ውስጥ ጥቁር እኛ ብቻ ነበርን፤ ሰዉ ሁሉ ዞሮ ተመለከተን።

እናቴ ለቅሶው ቤት ገብታ አብሮ አደጓን አቅፋ ካለቀሰች በኋላ አመሻሹን ምንም አልተናገረችም። ማታ ግን «በሽምግልናዬ እንደ ሌባ ተቆጠርኩ፤ መልካችንን አይቶ ነው» አለችኝ። እኔም ንዴት ላይ ስለነበርኩ «ልክ ነሽ» አልኳት። በማግስቱ የካርዱን ደንብ ሳነብ ግን ተቆጣጣሪው የተናገረውን ቃል በቃል አገኘሁት። ጥፋቱ የኔ ነበር። እናቴ ትክክለኛውን ጥያቄ በትክክለኛው ሰዓት ጠይቃ ነበር፤ አፏን ያስያዝኳት እኔ ነኝ።

እንግዲህ ክርክሬ ከዚህ ይጀምራል። የማናውቀው ደንብ ሁለት ጊዜ ያስቀጣናል። መጀመሪያ ገንዘባችንን ይወስዳል። ቀጥሎ ደግሞ በደልን ከደንብ የምንለይበትን ዓይን ያሳጣናል። በመልካችን ምክንያት የምንጠረጠርበት ጊዜ የለም አልልም፤ አለ። እዚህ አገር እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የፓልሞር ኮሚቴ ሪፖርት የኢትዮጵያ ተወላጆች የሚደርስባቸውን ዘረኝነት በመንግሥት ደረጃ መዝግቦታል። በጀርመንም አገር አንድ ጥቁር ጀርመናዊ ተማሪ በባቡር ላይ ፖሊስ መታወቂያ አምጣ ስላለው ተከራክሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የኮብሌንዝ ይግባኝ ፍርድ ቤት ሰውን በቆዳው ቀለም መርጦ መፈተሽ የእኩልነትን ሕግ እንደሚጥስ ገልጿል፤ ፖሊስም ይቅርታ ጠይቋል። እንዲህ ያለ አቤቱታ የሚያሸንፈው ግን ደንቡ የቱ ጋ እንደሚያበቃና በደሉ የቱ ጋ እንደሚጀምር ሲታወቅ ነው። ሁሉንም «መልካችንን አይቶ ነው» ካልን፣ እውነተኛው በደል በመጣ ቀን የሚሰማን አናገኝም። ምንም አንልም ብለን ዝም ካልን ደግሞ በደሉን ለመድነው ማለት ነው።

ድንበር የሚሻገር ባቡር ለኛ እንግዳ ነገር መሆኑ አይገርምም። ዛሬ ከዚህ አገር ወደ ጎረቤት አገር መንገደኛ የሚወስድ ባቡር የለም። ቢሆንም በረሆቦት በኩል የሚያልፈው ሐዲድ በእንግሊዞች ዘመን ከሐይፋ ተነስቶ በሎድ፣ በረሆቦትና በጋዛ አልፎ ግብፅ ውስጥ ቃንጣራ ድረስ መንገደኛ ያደርስ ነበር፤ የተቋረጠው እ.ኤ.አ. በ1948 ነው። በኢትዮጵያም ቢሆን አዲሱ የአዲስ አበባና የጅቡቲ መስመር እ.ኤ.አ. በ2016 ተመርቆ በ2018 መደበኛ ሥራ ጀምሯል። ኩባንያው የሁለቱ መንግሥታት የጋራ ንብረት ነው፤ ሐዲዱም አንድ ነው። ሆኖም ድንበሩን ለመሻገር ፓስፖርት ያስፈልጋል። ሐዲድ ስለቀጠለ መብት አብሮ ይቀጥላል ማለት አይደለም።

አንዳንዱ «ይህ ሽርሽር ለተረፈው ሰው የሚነገር ወሬ ነው፤ እኛ ገና ቤት ኪራይ አልሞላልንም» ይለኝ ይሆናል። ዘመዶቻችን ግን በየአገሩ ተበትነዋል። ለቅሶና ሠርግ ገንዘብ እስኪሞላ አይጠብቁም። ደግሞም በራቭ ካቭ ላይ የምንጭነው ወርኃዊ ክፍያ ለአንድ አካባቢ ብቻ ከሆነ ከዚያ አካባቢ ውጭ አያገለግልም። ነገሩ ያው ነው፤ የጤና፣ የኪራይ ድጎማና የልጆች ትምህርት ወረቀት ሁሉ የሚያልቅበት ጣቢያ አለው። ባቡሩ ምሳሌ ሆነኝ እንጂ የማወራው ስለ ኑሯችን ነው።

ድንበር ተሻግሮ ለሚጓዝ ቤተሰብ ግን ቁርጥ ያለውን ልንገር። አንድ አገር ብቻ የሚል ካርድ ከዚያ አገር የመጨረሻ ጣቢያ አያልፍም፤ ከዚያ ወዲያ ላለው መንገድ ሳይሳፈሩ ትኬት መግዛት ነው። ብዙ አገር ለሚዞር ሰው የሚሆነው ካርድ በመኖሪያ አገር ይለያል እንጂ በዜግነት አይደለም፤ አውሮፓ ነዋሪ የሆነ ኢንተርሬል ይገዛል፣ እኛ ከእስራኤል የምንሄደው ዩሬይል እንገዛለን። የአውሮፓው ዘመዳችሁ በራሱ ስም የሚገዛው ካርድ ለናንተ አይሆንም። ከ4 እስከ 11 ዓመት ያሉ ልጆች ከአዋቂ ጋር በነፃ ይሄዳሉ፤ ግን የራሳቸውን የነፃ ካርድ አብሮ ማውጣት ግድ ነው። በብዙ ፈጣን ባቡሮች ላይ ካርድ ቢኖርም የመቀመጫ ክፍያ አለ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ትኬትና የጉዞ ሰነድ ለየቅል ናቸው። ትኬት ተቆጣጣሪ አንድ ነው፣ የድንበር ፖሊስ ሌላ። ጀርመን እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2024 ጀምሮ በየብስ ድንበሮቿ ሁሉ ላይ ፍተሻ ስላደረገች ፓስፖርት ከእጅ አይለይ።

ለመሥሪያ ቤቶችና ለማኅበራችንም የምለው አለኝ። ለአንድ አዲስ ገቢ ቤተሰብ ካርድ ወይም ወረቀት ስንሰጥ ማስፈረም ብቻ በቂ አይደለም። «ይህ እስከዚህ ይሠራል፤ ከዚህ ወዲያ አይሠራም» ብለን በአማርኛ፣ በቃል፣ ፊት ለፊት እንንገር። ሰው ሳይነገረው ፈርሞ ሲቀጣ ጥፋቱ የፈራሚው ብቻ አይደለም። ይህን የምለው የሙያ ባልደረቦቼንም ራሴንም ጨምሬ ነው።

ለልጆች ደግሞ፦ «እኔ አውቅልሻለሁ» የሚለውን ቃል እንተወው። እናትና አባቶቻችን በበረሃ መንገድ ያለፉ ሰዎች ናቸው፤ የካርድ ደንብ የማይገባቸው አስመስለን አንያቸው።

ወላጆቼም፣ ጠያቂ አይሳሳትምና ጠይቁ። ልጃችሁ «ዝም በይ» ብትል እንኳ ደግማችሁ ጠይቁ። እናቴ በመልሱ መንገድ ባዲሸር ባንሆፍ ስንደርስ ክንዴን ያዝ አድርጋ «የኛ ካርድ የሚጀምረው ከዚህ ነው አይደል?» አለችኝ። አዎን፣ ከዚያ ነበር።