ልጅቷስ ምን አለች?

ለመስቀል እንደ ወጋችን ሁላችንም ወልቂጤ ተሰብስበን ነበር። ክትፎው ተበልቶ ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ፣ ከአዲስ አበባ የመጣችው የእህቴ ልጅ በፍላሽ የያዘችውን ፊልም ከፈተችልን፦ በ2006 ዓ.ም. የወጣውን፣ የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪን «ድፍረት»።

የ14 ዓመቷ ሂሩት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ፈረሰኞች ከበው ጠለፏት። ተደፈረች። ስታመልጥ ጠላፊዋን በራሱ ጠመንጃ ገደለችው። «በበዓል ቀን ሌላ የሚታይ ጠፋ?» አሉ አጎቴ። ሽማግሌዎች በእሷ ጉዳይ ሊወስኑ ሲሰየሙ ደግሞ አክስቴ ረከቦቱን ትተው ወደ ጓዳ ገቡ።

ፊልሙ ለምን እንዲህ ቆረቆረን? ባዕድ ታሪክ ቢሆን ከንፈር መጥጠን እናልፈው ነበር። ነገር ግን በ1980ዎቹ መጨረሻ አርሲ ውስጥ ከደረሰ እውነተኛ ጉዳይ የተነሣ ነው። ለልጅቷ የቆሙት ጠበቃ መዓዛ አሸናፊ ከ2011 እስከ 2015 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ነበሩ። ያኔ በሥራ ላይ የነበረው የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት ያድነው ነበር። የ1997ቱ ሕግ ያንን ቀዳዳ ዘግቶ ጠለፋን ከ3 እስከ 10 ዓመት እስራት ይቀጣል።

ሕጉ ተለወጠ፤ እኛስ? የጉራጌዋ የቃቄ ውርድወት በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሽማግሌዎች ጉባኤ በሆነው የጆካ ሸንጎ ፊት ቆማ ለሴቶች የጋብቻ መብት ተሟግታለች። ወልቂጤም ሆነ ቡታጅራ ስሟን በኩራት እናነሣለን። ጉዳዩ ወደ ራሳችን ደጃፍ ሲመጣ ግን «ገመና ነው፣ በሽማግሌ ይለቅ» እንላለን። ሽምግልናን አልነቅፍም፤ ደም ያደርቃል፣ የተጣላ ጎረቤት ያስታርቃል። ግን ሁለት ቤተሰብ ታርቆ አንዲት ልጅ ብትበደልበት ምኑን እርቅ ሆነ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።

ፊልሙ ሲያልቅ ጓዳ ገባሁ። አክስቴ ንጹሑን ሲኒ ደጋግመው ያጥቡ ነበር። «እኔንም ሽማግሌ ነው ያስታረቀኝ» አሉኝ ቀና ሳይሉ። «ከማን ጋር ተጣልቼ እንደነበር ግን የነገረኝ የለም።»

ነገ ለሽምግልና የምንጠራው እኛው ነን። ስለ ካሳውና ስለ ቤተሰቡ ስም ከመነጋገራችን በፊት አንድ ጥያቄ እናስቀድም፦ ልጅቷስ ምን አለች? አክስቴን እንዲህ ብሎ የጠየቃቸው አልነበረም።